በልክ የሚሰፋ ጀልባ፦ ዘጠኝ ቀን በግሪንላንድ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ ከኮፐንሃገን ወደ ኑክ (ተብሎ ነበር)

የሐዋርያት ጾም ሲፈታ እኔ ኮፐንሃገን አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። እናቴ ከባሕር ዳር ደውላ "እንኳን አደረሰሽ፤ ዶሮ ሠራሽ ወይ?" ትለኛለች፤ እኔ ቦርሳዬን በእግሬ እየገፋሁ "ትንሽ ወደ ሰሜን ወጣ ልል ነው" እላታለሁ። ካያክ የሚሉትን ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ ልማር ነው ብላት ስለት መግባቷ አይቀርም። አባቴ ከኋላ ሆኖ "በምን ትሄዳለች?" ሲል ሰማሁት። በአውሮፕላን አልኩ። እስከዚያ ድረስ እውነት ነው።

ነገሩ የጀመረው ኮፐንሃገን ቦዮች ላይ ነው። ሁለት በጋ በኪራይ የፕላስቲክ ካያክ ስንሸራሸር ከርሜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ይሄ ካያክ አይደለም፣ ገንዳ ነው፤ የእውነተኛውን ለማየት የሠሩትን ሰዎች አገር ሂጂ" አለኝ። የዓመት ዕረፍቴን ሙሉ ለዚህ ሰጠሁት።

ከኮፐንሃገን እስከ ግሪንላንዷ ኑክ ያለ ማረፊያ አምስት ሰዓት አይሞላም። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ኅዳር ድረስ ግን የኑክ ማኮብኮቢያ አጭር ስለነበር መንገደኛው ሁሉ መጀመሪያ ካንገርሉስዋክ ወርዶ ወደ ትንሽ አውሮፕላን ይቀየር ነበር። አዲሱ ረጅም ማኮብኮቢያ ሲከፈት ይህ ቀረ ተባለ። ለእኔ አልቀረም። ኑክ ላይ ጭጋግ ተጋረጠ፤ ሁለት ጊዜ ዞርን፤ ከዚያ አብራሪው ይቅርታ ጠየቀና ካንገርሉስዋክ አወረደን፤ በ1941 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ለጦርነት የሠሩት ሜዳ ላይ።

"ነገ ጠዋት እንሄዳለን?" ብዬ የጠረጴዛዋን ልጅ ጠየቅኳት። "ኢማቃ" አለችኝ። ምናልባት ማለት ነው። በዚህ አገር ከዚህ ቃል በላይ የሰማሁት የለም። የኛ "እግዜር ካለ" ቢያንስ ተስፋ አለው፤ ኢማቃ ትከሻ ብቻ ነው።

በታደለን የምግብ ቲኬት ጾሜን የፈታሁት መስክ ኦክስ በሚሉት ጠጉራም የዋልታ በሬ ሥጋ ነው። ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ መሆኑን ከመጉረሴ በፊት በስልኬ አጣራሁ። ሌሊቱን አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ አደርኩ፤ ሌሊት ከተባለ፤ ፀሐይ ወደ አድማሱ ጠጋ ብላ ሳትጨልም ተመለሰች።

እሑድ፣ ሐምሌ 6፦ ኑክ

ከሰዓት ኑክ ገባን። 20 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ዋና ከተማ ናት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የእንጨት ቤቶች ድንጋይ ላይ ተበትነው። ከዚህች ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስድ አንድም መንገድ የለም። በመላው ግሪንላንድም ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ መንገድ የለም፤ ወይ በባሕር ወይ በአየር ነው። አስፋልቱ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልቃል።

ያረፍኩት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት ነው፤ ክፍሉ በቀን 550 ክሮነር። ክሮነርን ወደ ብር መመንዘር ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከሴትዮዋ ጋር የምንግባባው በዴንማርክኛ ነው። በዴንማርክኛ ለትንሹም ለትልቁም "አንተ"፣ "አንቺ" ነው የሚባለው፤ በአማርኛ ስጽፈው ግን እጄ እምቢ ስላለኝ አንቱ ብያቸዋለሁ።

ሻንጣዬን ሳልፈታ ጎረቤት ልደት አለ ብለው ካፌሚክ ወሰዱኝ። ካፌሚክ የቡና ግብዣ ነው። በር ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ጠረጴዛው ላይ ስምንት ዓይነት ኬክ፣ ደረቅ ዓሣ፣ ማታክ የሚሉት የዓሣ ነባሪ ቆዳ ከነስቡ። ልዩነቱ እኛ ጋ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ ይታዘቡታል፤ እዚያ ጠጥቶ ቶሎ ያልወጣ ነው የሚታዘቡት፤ ለሚቀጥለው ሰው ቦታ መልቀቅ አለበት። እኔ ሦስተኛ ሲኒ ስጠብቅ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ጎድሏል። ማታኩን ቀመስኩት፤ እንደ ጎማ ነው፣ ከዚያ እንደ ለውዝ። እናቴ ይህን እንዳታነብ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7፦ ሙዚየሙና ልኬቱ

ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ። አሮጌው ወደብ ላይ ነው፤ የከተማዋ የካያክ ማኅበርም ከዚያው አጠገብ። ካያኮቹን ለማየት ገብቼ ብዙ ሰዓት የቆምኩት ቂላኪትሶቅ ላይ የተገኙት አስከሬኖች ዘንድ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. አዳኞች ያገኟቸው፣ ከ500 ዓመት በፊት የሞቱ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው፤ ቅዝቃዜውና ደረቁ ነፋስ ከነልብሳቸው አቆይቷቸዋል። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። አባቴ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ 40 ዓመት በሲንጀር ሰፍቷል። ፊታቸውን ማየት ከብዶኝ ስፌታቸውን ነው ያየሁት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው።

የካያክ ቆዳም የሴት ሥራ ነበር። ቆዳው በእንግሊዝኛ "ሲል" ከሚሉት የባሕር እንስሳ ነው፤ በአማርኛ "ሲል" ብዬ ብጽፍ ግን ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ ስለሚምታታ እነሱ እንደሚሉት ፑይሲ ልበለው። ቆዳው ሲጋጠም መርፌው በስቶ ወዲያ አይወጣም፤ ውፍረቱ መሐል ድረስ ገብቶ ይመለሳል፣ ስፌቱ ከዚያ በሌላው ጎን ይደገማል። ክሩ ጅማት ነው፤ ውኃ ሲነካው አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። ባልየው ባሕር ላይ ደርቆ የሚውለው በሚስቱ እጅ ነው። ለአባቴ በስልክ ስነግረው "ሳይበሳ? አላምንሽም" አለ።

ከሰዓት መምህሬን አገኘሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥርሳቸው ጥቂት፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ናቸው፤ በልቤ "ጋሼ" እላቸው ጀመር። ሜትር የሚባል ነገር ወርክሾፑ ውስጥ የለም። እጅሽን ዘርጊ አሉኝ። ካያክ በግሪንላንድ ወግ እንደ ልብስ ነው፤ ርዝመቱ የባለቤቱ ሁለት እጅ ተዘርግቶ ሦስት እጥፍ፣ ስፋቱ ወገብና ሁለት ጭብጥ፣ መቀመጫው ላይ ያለው ጥልቀት አንድ ጭብጥ ከቀና አውራ ጣት ጋር። መቅዘፊያው እጅ ዘርግቶ አንድ ሙሉና ተጨማሪ ክንድ፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። የመቅዘፊያው ምላስ ስፋት ደግሞ ጣት አጥፎ የሚጨብጠውን ያህል ብቻ ነው።

እኔ ሳቄ መጣ። ክንድ! አባቴም ደንበኛ ሲመጣ አንገቱ ላይ ሜትር ተንጠልጥሎ እያለ መጀመሪያ በስንዝሩ ነበር የሚለካው።

አጽሙ እንጨት ነው፤ ጥንት ዛፍ ስለሌለ ከሳይቤሪያ ወንዞች ወጥቶ በረዶ ያንሳፈፈው፣ ባሕሩ ዳር የጣለው ግንድ ነበር። ምስማር አይገባበትም፤ በእንጨት ችንካርና በጠፍር ይታሰራል፣ ማዕበል ሲመታው እንዲታጠፍ። ዛሬ ቆዳው ሸራ ወይም ናይለን ሆኖ ቀለም ይቀባል። እኔ ካያክ የምሠራበት ጊዜ የለኝም፤ መቅዘፊያዬን ግን ራሴ እንድጠርብ ተስማማን። አንድ የጥድ ጣውላ፣ 300 ክሮነር፣ ከዴንማርክ በመርከብ የመጣ። ያን ምሽት እጄ ላይ የመጀመሪያው ውኃ ቋጠረ።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ሐምሌ 8 እና 9፦ ተገልብጬ ዋልኩ

ቱዊሊክ የሚባለውን ልብስ አለበሱኝ። ቆብ ያለው ካባ በሉት፤ ፊት ዙሪያ ይጠብቃል፣ አንጓ ላይ ይጠብቃል፣ የታችኛው ጠርዝ የካያኩ መቀመጫ ቀለበት ላይ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ልብስና ጀልባ አንድ ነው። ጥንት የፑይሲ ቆዳ ነበር፤ የእኔ ኒዮፕሪን ነው፣ የጎማ ሽታ አለው። ውስጡ የሚቀረው አየር ያንሳፍፋል።

ጣና ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ታንኳ አውቃለሁ። የወይጦ ሰዎች ከደንገል አስረው የሚሠሩት ታንኳ ላይ ሰው ከላይ ይቀመጣል፤ ቢገለበጥ ይወድቃል፣ ይዋኛል። ካያክን ግን ሰው ይለብሰዋል፤ ሲገለበጥ አብሮ ተገልብጦ አብሮ መነሳት አለበት። ብቻውን ባሕር ላይ ያለ አዳኝ ከካያኩ ከወጣ በበረዶው ውኃ ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው። ግልበጣው ጨዋታ የሆነው አሁን ነው። ሁለቱ ጀልባዎች የሚመሳሰሉበትም ነገር አለ፦ ታንኳም የቆዳ ካያክም ውኃ እየጠጡ ስለሚከብዱ ከባሕር ወጥተው መድረቅ አለባቸው።

የማኅበሩ ቴርሞሜትር አምስት ዲግሪ ይላል። ስገለበጥ ግንባሬ ላይ ምስማር የተመታ መሰለኝ። የመጀመሪያው ትምህርት መነሳት አይደለም፣ መተኛት ነው፦ በጀርባ ውኃው ላይ ተንጋሎ፣ ትከሻ ተዘርግቶ፣ ሰማይ እያዩ መንሳፈፍ። ጋሼ ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ጭንቅላቴን በመዳፋቸው ይዘው "ተኚ" ይሉኛል። አልተኛም። ማክሰኞ 14 ጊዜ ተገልብጬ 14 ጊዜ ሰው ገልብጦ አነሳኝ።

ሁለት ችግር ነበረ። አንደኛው ካያኩ ነው፤ የተዋስኩት ከአንድ ወፍራም ሰው ነው፣ ወገቤ ውስጡ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ወገቤን ባዞር ጀልባው አይሰማኝም፣ የሰው ጃኬት እንደለበሰ ልጅ። ሁለተኛው ሹሩባዬ። ቆቡ ፊቴ ላይ ሲጠብቅ ሹሩባው ጠርዙ ላይ እየገባ ቀዳዳ ይተዋል፤ በአንገቴ የገባው የባሕር ውኃ እስከ እግሬ ወረደ። የማኅበሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፣ ተሰብስበው ፀጉሬን መረመሩት። መፍትሔው ከእኔ መጣ፦ ረቡዕ ሻሼን አጥብቄ አስሬ መጣሁ። ደረቅ ሆንኩ። መነሳቱ ግን አሁንም እምቢ አለ።

ረቡዕ ስለነበር የሴትዮዋን ሱዋሳት፣ የፑይሲ ሾርባ ከሩዝና ሽንኩርት ጋር፣ በጾም ሰበብ አመለጥኩ። ለእራት ድንችና ጎመን። አንዷ ጥቅል ጎመን 45 ክሮነር፤ እሷም እንደ እኔ ከዴንማርክ ተጉዛ የመጣች ናት። ምሽቱን ጠረብኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10፦ ገመድ

ነፋስ ስለነበር ባሕር አልወጣንም። ከማኅበሩ ጀርባ በሁለት ምሰሶ መሐል የተወጠሩ ሁለት ገመዶች አሉ። በእነሱ ላይ ተንጠልጥሎ መዞር፣ መጠቅለል፣ ተገልብጦ መነሳት የካያክ ልምምድ ነው፤ በየዓመቱ በጋ በሚደረገው ብሔራዊ ውድድርም ከቀዘፋውና ከጦር ውርወራው ጋር ነጥብ ይያዝበታል። የስምንት ዓመት ልጆች እንደ ጦጣ ይዞሩበታል። እኔ አንድ ዙር ዞሬ ብብቴ ሰንበር አወጣ።

ቡና ላይ ጋሼ ስለ ጂኖ ዋትኪንስ አወሩኝ። እንግሊዛዊ ነው፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ምሥራቅ ግሪንላንድ መጥቶ ከአገሬው ሰው ግልበጣን የተማረ። በ1932 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ብቻውን ሊያድን ወጥቶ ካያኩ ባዶውን ተንሳፎ ተገኘ። 25 ዓመቱ ነበር። "ጎበዝ ነበር" አሉ፤ ከዚያ ቡናቸውን ጠጡ። ከዚያ ወዲህ የሞተር ጀልባ መጥቶ ካያኩን አስረሳው፤ በ1980ዎቹ ነው የኑክ ወጣቶች ማኅበር አቋቁመው መልሰው ያነሱት። በ1998 እ.ኤ.አ. የ16 ዓመቱ ማሊጊያክ ፓዲላ ብሔራዊ ውድድሩን ሲያሸንፍ ሽማግሌዎች አለቀሱ ይላሉ ጋሼ። እሳቸውስ? "ነፋስ ነበር፣ ዓይን ውስጥ ገባ።"

ዓርብና ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11 እና 12፦ ካፒሲሊት

ጋሼና ዘመዶቻቸው ወደ ካፒሲሊት መንደር ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። ከኑክ 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ፊዮርድ በሚሉት በተራራ መሐል በገባ የባሕር ሰርጥ ወደ ውስጥ ነው፤ ለነዳጅ 800 ክሮነር አዋጣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል በሞተር ጀልባ። መንገድ ላይ ቆርኖቅን አለፍን፤ ነዋሪዎቿ በ1970ዎቹ ለቀዋት ዛሬ የበጋ ቤት ብቻ የሆነች መንደር። የበረዶ ተራራዎቹ ሰማያዊ ናቸው፤ አንዱ ከጎናችን ሲሰነጠቅ ነጎድጓድ መስሎኝ ባሕር ዳርን፣ ክረምቱን አሰብኩ።

ስለ ወባ ትንኝ ማንም አልነገረኝም። ወባ የላትም፣ ትንኟ ግን የጣናን ሦስት እጥፍ ናት። ዓርብ ማታ ውጭ ስንቆም አየሩ ራሱ ይጮኻል፤ ሁሉም የራስ መረብ አለው፣ እኔ የለኝም። ቦርሳዬን ገልብጬ ያገኘሁት ነጠላዬን ነው። ተከናነብኩት። በነጠላው ሳስተውል አየር ይገባል፣ ትንኝ አይገባም። ልጆቹ ለራሳቸው ይፈልጉ ጀመር፤ ጥለቱን እያገላበጡ "ስንት ነው?" አሉኝ። ለአንዲቷ ቃል ገብቻለሁ፣ መርካቶ የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ ነው።

ያቺ ልጅ የጋሼ የልጅ ልጅ ናት፣ 16 ዓመቷ። ቅዳሜ ጠዋት ፊዮርዱ መስታወት ሆኖ ሳለ ካያኳን አውጥታ አሳየችን። በመቅዘፊያ ተገልብጣ ተነሳች። ኖርሳቅ በሚሉት አጭር የጦር መወርወሪያ ጣውላ ተነሳች። በባዶ እጅ ተነሳች። ከዚያ ከዳር ትልቅ ድንጋይ አንስታ በአንድ እጇ ይዛ፣ ተገልብጣ፣ ከነድንጋዩ ተነሳች። በውድድር ነጥብ የሚሰጥባቸው አገላበጦች ከሠላሳ ይበልጣሉ፤ እያንዳንዱ መነሻው አንድ አደጋ ነው፤ መቅዘፊያው ቢወድቅ፣ እጅ ገመድ ውስጥ ቢጠላለፍ፣ አንድ እጅ ቢጎዳ።

ከወረደች በኋላ ወገቤን አየችው፣ የራሷን አየች። "ግቢበት" አለችኝ።

ስገባ ዳሌዬ በሁለት ጎን ተያዘ፤ ጭኔ ማሲክ በሚሉት ቆልማማ ማገር ሥር ገባ። ጠበበኝ ልል ነበር፤ አባቴ ደንበኛ እንዲህ ሲለው "ቁም እንጂ" እንደሚል ትዝ አለኝ። በግማሽ ጎን ተኛሁ፣ ውኃው ያዘኝ። ጋሼ እጃቸውን ከጭንቅላቴ ሥር አወጡ፣ አላወቅሁም። ከዚያ ሙሉ ተገልብጬ፣ አረንጓዴ ጨለማ፣ መቅዘፊያውን ውኃው ገጽ ላይ እየጠረግሁ፣ ወገቤን ስጠመዝዝ ጀልባው ተከተለኝ። ጭንቅላቴን መጨረሻ ላይ አነሳሁት። እስከዚያ ቀን መጀመሪያ ላይ ነበር የማነሳው፤ መተንፈስ የሚፈልግ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ዳር ቆመው የነበሩት "አዩንጊላቅ!" አሉ። ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ቃል በቃል ግን "መጥፎ አይደለም" ነው፤ ከዚህ በላይ ሙገሳ እዚህ አገር አልሰማሁም። ሁለተኛውን ሞክሬ ሰጠምኩ። ሦስተኛው ተሳካ። ቀኑ ሐምሌ 12 ስለሆነ ለሚካኤል ነገርኩት፤ ከዚያ የአጋዘን ሥጋ በላን፣ የተጠበሰ፣ በእጅ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13፦ መመለሻ

ቅዳሜ ማታ ኑክ ተመልሰን መቅዘፊያዬን ጨረስኩ። ጋሼ ጫፉን በጣታቸው ዳስሰው፣ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ቢላ አስሮጡና ዘይት ሰጡኝ። ሸተትኩት፤ ተልባ ነው። ባሕር ዳር ቤታችን ኩሽና ይህ ሽታ አለ።

አየር ማረፊያ ላይ መቅዘፊያው ከሚፈቀደው ርዝመት በላይ ነው ተብሎ 450 ክሮነር ከፈልኩ፤ ከጣውላው ዋጋ በላይ። "ልትቆርጪው አትችዪም?" አለችኝ የሻንጣ ሠራተኛዋ፣ ቀልዷን መሆን አለበት። ጭጋግ አልነበረም። ኮፐንሃገን ሜትሮ ውስጥ አንድ ሰውዬ መቅዘፊያው ጭንቅላቱን ሊነካው ሲል ጎንበስ እያለ አራት ጣቢያ ተጓዘ።

ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ አስደግፌው ባሕር ዳር ደወልኩ። አሁን ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ ዝም አለች፣ ዝምታዋ ስለት ነው። አባቴ ስልኩን ተቀበለ።

"ርዝመቱ ስንት ነው?"

"አምስት ክንድ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።"

"በማን ክንድ?"